የጦር አይሮፕላን ነጂ የሕይወት ኢንሹራንስ በምን ምክንያት ሊረክስ ቻለ?

በአውሮፓ አቈጣጠር ሴፕቴምበር 17 ቀን 1908 በዋሽንግተን አቅራቢያ በሚገኘው የፎርት ማየር የጦር ሰፈር ለሙከራ የቀረበ አንድ አይሮፕላን ከአየር ላይ ወድቆ ተሰበረ። ነጂው ኦርቪል ራይት ክፉኛ ቈስሎ ሲተርፍ፥ አብሮት ተሳፍሮ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መኰንን ሌተናንት ቶማስ ሴልፍሪጅ ሞተ። በሞተር ኃይል በሚበር አይሮፕላን አደጋ ሕይወቱን ያጣው የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ሟቹ ወታደር መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በኢንሹራንስ ንግድ ላይ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ቀረበ፤ ይኸውም በአየር ላይ የሚሠራና የሚዋጋ ሰው በድንገት ቢሞት ለሚስቱና ለልጆቹ መተዳደሪያ የሚሆን ገንዘብ፥ እርሱ ከወር ደመወዙ ሊከፍለው በሚችል ዋጋ እንዴት አድርጎ ሊሸጥለት ይቻላል የሚል ነው።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የወታደሮች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ጥያቄው በአሜሪካ የተፈታበት መንገድ መነሻው የነጋዴዎች የመርከብ ጭነት ስለ ሆነና፥ መፍትሔውም በማንኛውም የንግድ ቤት ሊሠራበት የሚችል ስለ ሆነ፥ አስመጪውም ላኪውም ባለሱቁም ቢያውቀው የሚጠቅመው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አደጋና ዋጋ

የኢንሹራንስ ንግድ መሠረቱ ቍጥር ነው። ኢንሹራንስ ሰጪው ድርጅት አንድ የተለየ ሰው መቼ እንደሚሞት አያውቅም፤ ዳሩ ግን ዕድሜያቸውና ሥራቸው ተመሳሳይ ከሆነ ከብዙ ሺህ ሰዎች መካከል በዓመት ምን ያህሉ እንደሚሞቱ ካለፈው ጊዜ መዝገብ ተነሥቶ ሊገምት ይችላል። በዚህ ግምት መሠረት ከእያንዳንዱ ደንበኛ አረቦን ይሰበስብና፥ ሞት ለደረሰበት ሰው ቤተሰብ ይከፍላል። በኛ አገር እድር የሚሠራውም በዚሁ መንፈስ ነው፤ ልዩነቱ ኢንሹራንስ ሰጪው አስቀድሞ መጠኑን ቈርጦ በጽሑፍ መዋዋሉ ነው።

የጦር አይሮፕላን ነጂ ሲመጣ ግን ሒሳቡ ይናጋል። አንደኛ፥ ሥራው ከተራው ሰው ሥራ ይልቅ አደገኛ ነው፤ አደጋውም በጦርነት ጊዜ ብቻ ሳይሆን በሰላም ጊዜ በልምምድ ላይም ይደርሳል። ሁለተኛ፥ የአደጋው መጠን አይታወቅም፤ ዛሬ ሰላም የነበረው አገር ነገ ጦርነት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሦስተኛ፥ ብዙዎቹ በአንድ ቀንና በአንድ ቦታ ሊሞቱ ስለሚችሉ፥ ኢንሹራንስ ሰጪው የብዙ ዓመት ትርፉን በአንድ ሳምንት ሊያጣ ይችላል።

በዚህ ምክንያት የግል ኢንሹራንስ ሰጪዎች እንዲህ ያለ አመልካች ሲቀርብላቸው በምን ዓይነት አይሮፕላን እንደሚበር፥ በዓመት ስንት ሰዓት በአየር ላይ እንደሚያሳልፍና ሥራው ምን እንደ ሆነ ከጠየቁ በኋላ ከሦስቱ መንገዶች አንዱን ይመርጣሉ። ወይ እንደ ማንኛውም ሰው በተራው ዋጋ ይቀበሉታል፤ ወይ ከተራው ዋጋ በላይ ለእያንዳንዱ ሺህ ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ይጥሉበታል፤ ወይም ደግሞ በበረራ ላይ ቢሞት አንከፍልም የሚል ቃል በውሉ ውስጥ ያገባሉ። በዚህ በመጨረሻው መንገድ የተዋዋለ ሰው አይሮፕላኑ ወድቆ ቢሞት ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሲከፈል የኖረውን አረቦን ብቻ ነው። ስለዚህ ውሉ የሚከለክለው ሰውየው ኢንሹራንስ የገባለትን ያንኑ አደጋ ይሆናል ማለት ነው።

ተጨማሪው ክፍያም ቀላል አይደለም። ለምሳሌ ያህል በእያንዳንዱ ሺህ ዶላር በዓመት 5 ዶላር ተጨማሪ ቢጣል፥ የ500,000 ዶላር ኢንሹራንስ የሚፈልግ ነጂ ከተራው አረቦን ሌላ በየዓመቱ 2,500 ዶላር መክፈል ይኖርበታል። አዲስ ተመርቆ ትዳር ለያዘ ወጣት መኰንን ይህ ከባድ ሸክም ነው።

ከመርከብ ጭነት ወደ ወታደር ሕይወት

ወታደሮች በመጀመሪያ መፍትሔውን የፈለጉት እርስ በርሳቸው ነው። በ1876 በሊትል ቢግሆርን በተደረገው ውጊያ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች ካለቁ በኋላ ቤተሰቦቻቸው ያለ ረዳት ቀሩ። ከዚህም የተነሣ የጦር ሠራዊቱ መኰንኖች በ1879 የመረዳጃ ማኅበር አቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት የባሕር ኃይል መኰንኖችም የራሳቸውን መሠረቱ። ሁለቱም ማኅበራት እስከ ዛሬ ድረስ አሉ፤ ለአባሎቻቸው በሚሸጡት የሕይወት ኢንሹራንስም የጦርነትንና የበረራን ሞት አያወጡም።

መንግሥት በነገሩ የገባው ግን በንግድ በር ነው። በ1914 በአውሮፓ ጦርነት ሲነሣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚመላለሱት መርከቦችና ጭነታቸው አደጋ ላይ ወደቁ፤ የግል ኢንሹራንስ ሰጪዎችም በበቂ መጠንና በሚቻል ዋጋ ኢንሹራንስ ለመስጠት አልቻሉም። ኢንሹራንስ የሌለው ጭነት ባንክ አያበድርበትም፤ ባንክ ካላበደረበት ደግሞ ላኪው ጥጡንና እህሉን ከወደብ ማንቀሳቀስ አይችልም። ስለዚህ የአሜሪካ መንግሥት በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር በገንዘብ ሚኒስቴር ሥር የጦርነት አደጋ ኢንሹራንስ ቢሮ አቋቁሞ፥ የአሜሪካን መርከቦችና ጭነታቸውን ራሱ ኢንሹራንስ ይሰጣቸው ጀመር።

አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነቱ ስትገባ ለዕቃ የተቋቋመው ቢሮ ለሰውም ሊያገለግል እንደሚችል ታየ። በመጀመሪያ ለመርከብ አዛዦችና ለባሕረኞች፥ ከዚያም በኦክቶበር 6 ቀን 1917 በወጣው ሕግ ለጦር ሠራዊቱና ለባሕር ኃይሉ በሙሉ በሩ ተከፈተ። አንድ ወታደር ከ1,000 እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ ኢንሹራንስ መግባት ይችል ነበር። አረቦኑ የተቈረጠው በሰላም ጊዜ በሚታየው የሞት መጠን ነው፤ የጦርነቱን ተጨማሪ ሞትና የቢሮውን ወጪ የተሸከመው መንግሥት ነው። ስለዚህም በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ለ10,000 ዶላር በወር የሚከፍለው ከ6 እስከ 7 ዶላር ገደማ ብቻ ሆነ። አይሮፕላን ነጂውም በጽሕፈት ቤት የሚሠራውም በአንድ ዕድሜ ላይ ከሆኑ የሚከፍሉት እኩል ነበር። በዚህ መንገድ ከ4 ሚሊዮን በላይ ውሎች የተፈረሙ ሲሆን፥ ጠቅላላ ዋጋቸው ወደ 40 ሚሊያርድ ዶላር ደርሶ ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ በ1940 ተመሳሳይ ሕግ ወጣ። በ1951 ደግሞ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ወታደሩ ምንም ሳይከፍል ቢሞት ለቤተሰቡ 10,000 ዶላር በ120 ወር ተከፋፍሎ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ የወሩ ክፍያም 92 ዶላር ከ90 ሳንቲም ነበር። ይህ ነጻ ስጦታ በ1956 መጨረሻ ላይ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የቪየትናም ጦርነት ሲፋፋም ችግሩ እንደ ገና ተነሣ። የግል ኢንሹራንስ ሰጪዎች በውላቸው ውስጥ የጦርነት ክልከላ አገቡ፤ ወደ ጦር ግንባር የሚሄደው ወታደር ኢንሹራንስ የሚገዛበት ቦታ አጣ። ስለዚህ በሴፕቴምበር 29 ቀን 1965 ዛሬም የሚሠራበት የወታደሮች የቡድን ኢንሹራንስ ሕግ ጸደቀ።

ዛሬ ያለው ሥርዓት

የ1965ቱ ሕግ ከቀድሞዎቹ የሚለየው መንግሥት ራሱ ኢንሹራንስ ሰጪ ከመሆን ይልቅ ከግል ኢንሹራንስ ሰጪ ጋር መዋዋሉ ነው። የቡድኑን ውል የያዘው ፕሩዴንሺያል የተባለው ድርጅት ሲሆን፥ ሌሎችም ኢንሹራንስ ሰጪዎች ከአደጋው ድርሻ ይወስዳሉ። የጡረተኛ ወታደሮችን ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሥራውን ይቈጣጠራል። በሰላም ጊዜ የሚታየው ሞት ከወታደሮቹ አረቦን ይከፈላል፤ በጦርነት ምክንያት ከዚያ በላይ ከሆነ ልዩነቱን መንግሥት ይሸፍናል።

መጀመሪያ ላይ የኢንሹራንሱ መጠን 10,000 ዶላር፥ አረቦኑም በወር 2 ዶላር ነበር። የኑሮ ውድነት እየጨመረ ሲሄድ መጠኑም እየተሻሻለ በ1991 ወደ 100,000፥ በ2005 ወደ 400,000፥ በማርች 2023 ደግሞ ወደ 500,000 ዶላር ከፍ አለ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሺህ ዶላር በወር 5 ሳንቲም እንዲከፈል ስለ ተወሰነ፥ ለ500,000 ዶላር ወርኃዊው አረቦን 25 ዶላር ነው። በከባድ አካል ጉዳት ጊዜ ለሚከፈለው ሌላ ኢንሹራንስ 1 ዶላር ሲጨመር 26 ዶላር፥ በዓመት 312 ዶላር ይሆናል። ይህንንም ከላይ በምሳሌ ከተጠቀሰው የ2,500 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ጋር ማስተያየት ነው።

አረቦኑ በዕድሜም በሥራም አይለያይም። የተዋጊ አይሮፕላን ነጂም፥ ሄሊኮፕተር ነጂም፥ የንብረት ክፍል ጸሓፊም የሚከፍሉት አንድ ነው። ሞት በውጊያ፥ በልምምድ በረራ ወይም በሕመም ቢደርስ ይከፈላል። መብቱ የሚጠፋው እንደ አገር ክሕደት፥ እንደ ስለላና እንደ መክዳት ያለ ወንጀል በፈጸመ ወታደር ላይ ነው።

ዋጋው የረከሰበት ምክንያት

የመንግሥት ድጎማ በጦርነት ጊዜ የሚረዳ ቢሆንም፥ በሰላም ጊዜ ዋጋውን የሚያረክሰው የቡድኑ አሠራር ነው። ይህን በቀላል ሒሳብ ለማስረዳት፥ ለሟች ቤተሰብ 10,000 ዶላር የሚከፍል አንድ ቡድን አለ እንበል። በቡድኑ ውስጥ 100,000 ተራ ወታደሮች ሲኖሩ በዓመት ከሺህ አንድ ይሞታል ብንል 100 ሰዎች ይሞታሉ፤ እያንዳንዱም በዓመት 10 ዶላር ቢያዋጣ ይበቃል። ለብቻቸው የቆሙ 1,000 ነጂዎች ደግሞ አሉ እንበል፤ ከእነርሱ በዓመት ከሺህ ስድስት ቢሞት እያንዳንዱ 60 ዶላር ማዋጣት አለበት። አሁን ሁለቱ ቢቀላቀሉ 101,000 ሰዎች ይሆናሉ፤ ሟቾቹ 106፥ የሚከፈለውም 1,060,000 ዶላር ነው። ለሁሉም እኩል ሲካፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው 10 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያህል ነው። ነጂው ከ60 ዶላር ወደ 10 ዶላር ተኩል ሲወርድለት፥ በተራው ወታደር ላይ የተጨመረው 50 ሳንቲም ብቻ ነው። ‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ› የተባለው ይህን የመሰለውን ነገር ነው።

ነገር ግን ሒሳቡ የሚሠራው ተራው ወታደር ከቡድኑ ካልወጣ ነው። ኢንሹራንስ መግባት በፈቃድ ብቻ ቢሆን ፈጥነው የሚገቡት አደጋው የሚያሰጋቸው ናቸው፤ ሌላው ‹እኔን ምን ያገኘኛል› ብሎ ይቀራል። በዚያን ጊዜ አረቦኑ ይወደዳል፤ ሲወደድ ደግሞ ከቀሩት መካከል ደኅናው ይወጣል፤ እንዲህ እያለ ቡድኑ ይፈርሳል። ስለዚህ የአሜሪካ ሕግ ወታደሩ ሲቀጠር ሳይጠየቅ በሙሉው መጠን ኢንሹራንስ እንዲገባ ያደርጋል፤ ያልፈለገ ወይም መጠኑን ለመቀነስ የፈለገ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። ብዙ ሰው ደግሞ የገባበትን ነገር ጽፎ እስከ መውጣት አይደርስም።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። አረቦኑ ከደመወዝ ላይ በቀጥታ ስለሚቈረጥ የሰብሳቢና የወኪል ኮሚሲዮን የለም። ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ የሐኪም ምርመራና የተለየ ውል አያስፈልግም። ደግሞም ኢንሹራንሱ ለሞት ብቻ የሚከፍል እንጂ ገንዘብ የሚጠራቀምበት ስላልሆነ፥ ወታደሩ የሚከፍለው ለአደጋው ዋጋ ብቻ ነው።

ሊዘነጋ የማይገባው ጉዳይ

ርካሽ መሆኑ ሁሉን ችግር አይፈታም። ወታደሩ ከሥራ ሲሰናበት ኢንሹራንሱ ያለ ክፍያ ለ120 ቀን ብቻ ይቈይለታል። ከዚያ በኋላ ወደ ጡረተኞች የቡድን ኢንሹራንስ ሊዛወር ይችላል፤ በ240 ቀን ውስጥ ካመለከተ ስለ ጤንነቱ ማስረጃ አይጠየቅም፤ የዚህ አረቦን ግን ከዕድሜ ጋር እየጨመረ የሚሄድ ነው። ቀኑን ያሳለፈ ሰው ቤተሰቡን ያለ መጠለያ ይተዋል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላም ወታደሮቹ ወደየቤታቸው ሲመለሱ ክፍያውን ስላቋረጡ፥ ከተፈረሙት ውሎች የሚበዙት ወድቀው ቀርተዋል።

ከዚህ የባሰው የተጠቃሚው ስም ነገር ነው። በ1981 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ሳጅን ኢንሹራንስ ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ለዚህ ምስክር ነው። ሳጅኑ ከሚስቱ ሲፋታ፥ ፍርድ ቤት ኢንሹራንሱን ለሦስት ልጆቹ ጥቅም እንዲያቈይ አዝዞት ነበር። እርሱ ግን ሌላ ሚስት አገባና፥ ገንዘቡ በሕጉ ቅደም ተከተል ይሰጥ ብሎ የተጠቃሚውን ወረቀት ለወጠ፤ ሕጉ ደግሞ አስቀድሞ የሚሰጠው ለሟች ሚስት ነው። በ1979 ሲሞት የልጆቹ እናት ስለ ልጆቿ፥ አዲሲቱ ሚስትም ስለ ራሷ 20,000 ዶላሩን ጠየቁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም የፌዴራሉ ሕግ ወታደሩ በወረቀት ላይ ያሰፈረውን ምርጫ ስለሚያስቀድም፥ የፍቺው ትእዛዝ ቢኖርም ገንዘቡ ለአዲሲቱ ሚስት ይሰጥ ብሎ ፈረደ። ልጆቹ ከዚያ ገንዘብ ሳይደርሳቸው ቀረ። አረቦኑ በየወሩ ሳይጓደል ተከፍሏል፤ ነገሩን የወሰነው በአንድ መስመር ላይ የሰፈረው ቃል ነው።

ለነጋዴው የሚሰጠው ትምህርት

በመጀመሪያ፥ የውልን ክልከላ ከዋጋው አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል። የጦር አይሮፕላን ነጂ ‹በበረራ ላይ ከሆነ አንከፍልም› የሚለውን ቃል ሳያነብ ቢፈርም እንደሚጐዳ ሁሉ፥ አስመጪም ሁሉን አደጋ ያጠቃልላል በሚባለው የመርከብ ጭነት ኢንሹራንስ ውስጥ ጦርነት እንደ ወጣ ሳያውቅ ቢፈርም ይጐዳል። የጦርነት አደጋ በተለየ ቃልና በተለየ ክፍያ የሚገባ ነው፤ የሚጸናውም በጠቅላላው ዕቃው በባሕር ላይ ሳለ እንጂ በየብስ በካሚዮን ሲጓዝ አይደለም፤ ኢንሹራንስ ሰጪውም በሰባት ቀን ማስጠንቀቂያ ሊሰርዘው ይችላል። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች በተጠቁ ጊዜ የጦርነት አደጋ ክፍያ ወዲያው መውደዱን፥ ብዙ መርከቦችም በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞረው መሄዳቸውን በጂቡቲ በኩል ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ የሚያስታውሰው ነው።

ሁለተኛ፥ አደገኛ ሥራ የሚሠራውን ሰው ለብቻው ኢንሹራንስ ማስገባት ውድ፥ ከሌሎች ጋር ማስገባት ግን ርካሽ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። በአገራችንም የቡድን የሕይወት ኢንሹራንስ ይሸጣል። አምስት የከባድ መኪና ነጂዎችና ሠላሳ የመጋዘንና የሱቅ ሠራተኞች ያሉት ነጋዴ ነጂዎቹን ብቻ ይዞ ከሚሄድ፥ ሠራተኞቹን በሙሉ በአንድ ውል ይዞ ቢቀርብ በዋጋው ለመነጋገር የተሻለ አቅም ይኖረዋል። ጥቂት ሠራተኞች ብቻ ያሏቸው ባለሱቆችም በማኅበራቸው አማካይነት ተባብረው መጠየቅ ይችላሉ።

ሦስተኛ፥ የተጠቃሚው ስም በየጊዜው መታየት አለበት። ጋብቻ፥ ፍቺ፥ ልደትና ሞት በደረሰ ቍጥር ሠራተኛው ወረቀቱን እንዲያስተካክል የንግድ ቤቱ ጸሓፊ ቢያስታውሰው ዋጋው የአንድ ሰዓት ሥራ ብቻ ነው፤ ጥቅሙ ግን የሟችን ልጆች ከፍርድ ቤት ደጅ የሚያድን ነው።

ለጦር አይሮፕላን ነጂው የሕይወት ኢንሹራንስ የረከሰለት፥ በምድር ያለው ባልደረባው በየወሩ ጥቂት ሳንቲም ስለሚያዋጣለት ነው። በነጋዴውም ቤት ሌሊት ቁልቁለቱን የሚወርደው የከባድ መኪና ነጂ፥ ቀን በሱቅ ውስጥ ከሚቆመው ሠራተኛ ጋር በአንድ መዝገብ ቢጻፍ፥ ለቤተሰቡ የሚተርፈው ዋስትና በዚያው መንገድ ሊገኝ ይችላል።